የዘፈኑን ስም ሁሉም ያውቀዋል፣ ከአድማጩ በቀር

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2007 አፕል እና አይቢኩቲ ዲጂታል የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ለራዲዮ አድማጮች አንድ አዲስ ቁልፍ ይዘው መጡ። የሚሰማው ዘፈን ደስ ያለው ሰው ዲጂታል ራዲዮው ላይ ያለውን ታግ፣ ማለትም ምልክት ማድረጊያ፣ የተባለ ቁልፍ ይጫናል። ራዲዮው የዘፈኑን መለያ ይይዝና ላዩ ላይ ለሚሰካው የአፕል ሙዚቃ ማጫወቻ፣ ለአይፖድ፣ ያቀብላል፤ አይፖዱ ከኮምፒውተር ጋር ሲገናኝ ደግሞ ታግ የተደረጉት ዘፈኖች አይቱንስ በተባለው የአፕል የሙዚቃ ሱቅ ውስጥ ተሰልፈው ይታያሉ። ከእያንዳንዱ ዘፈን አጠገብ የመግዣ ቁልፍ አለ። የአንድ ዘፈን ዋጋ በዚያን ጊዜ 99 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። የራዲዮ ባለቤቶች ብዙ ተስፋ አድርገውበታል። ለአሥርት ዓመታት እነሱ ያሰሙትን ዘፈን ሌላ ሰው ሲሸጠው ኖሯል፤ አሁን አየር ላይ ያለው ሙዚቃና ገንዘብ መቀበያው ቀጥታ ሊገናኙ ነው።

ዛሬ ያንን ቁልፍ የሚያስታውሰው ሰው ጥቂት ነው። ጉዳዩን ማንሳት የፈለግኩት ያው ጥያቄ በሌላ መልክ ተመልሶ ስለመጣ ነው። በአዳዲስ መኪኖች ውስጥ ራዲዮ በትልቅ ስክሪን ላይ ከስትሪሚንግ (ሙዚቃ በኢንተርኔት ከሚያሰሙ) መተግበሪያዎች ጎን ተቀምጧል። ስትሪሚንጉን የከፈተ ሰው የዘፈኑን ርዕስ፣ የዘፋኙን ስም፣ የአልበሙን ሽፋንና የማስቀመጫ ምልክት ያያል። ራዲዮውን የከፈተ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያየው የሞገድ ቁጥርና የጣቢያውን መፈክር ነው። ይህን ክፍተት ለመሙላት የአየር ላይ ስርጭትን ከኢንተርኔት ጋር የሚያጣምሩ ሥርዓቶች ተዘርግተዋል፤ ራዲዮ ዲኤንኤስ የተባለው ክፍት አሠራር አንዱ ነው፣ ዲቲኤስ ኦቶስቴጅ የተባለው የመኪና ሥርዓት ሌላው። ታግ የማድረግ ሐሳብም በእነሱ በኩል እንደገና ይነሳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቁልፍ ለምን ሰው እንዳጣ ማወቁ ለሚቀጥለው ይጠቅማል።

በመጀመሪያ አሠራሩን እንየው። ያ ቁልፍ የተሠራለት ኤችዲ ራዲዮ የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ2002 የፈቀደው የዲጂታል ስርጭት ዘዴ ነው። ጣቢያው አዲስ ሞገድ ሳይጠይቅ፣ በያዘው ሞገድ ላይ ከአናሎጉ ድምፅ ግራና ቀኝ ዲጂታል መረጃ ይጭናል። ከድምፁ ጋር አብሮ የሚጓዝ ጽሑፍ አለ፤ ርዕስ፣ ዘፋኝ፣ አልበም እያለ የሚከፋፈልበት መንገድ ከኤምፒ3 ፋይሎች የተወሰደ ነው። ለታግ ሲባል በዚህ ላይ የተጨመረው የዘፈኑ የሱቅ መለያ ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር ለሰው ዓይን የተላከ አይደለም፤ የሱቁ ኮምፒውተር የትኛውን ዘፈን እንደሚያቀርብ እንዲያውቅ ነው።

በተለመደው ኤፍኤም ላይም ተመሳሳይ ነገር ተሞክሯል። አርዲኤስ የተባለው የጽሑፍ ማስተላለፊያ በሰከንድ 1,187.5 ቢት ብቻ ይልካል፤ አንዱ መልእክት ከ64 ፊደል አይበልጥም። በዚህ ጠባብ መንገድ ላይ የትኛው ቃል የርዕሱ፣ የትኛው የዘፋኙ እንደሆነ የሚጠቁም ተጨማሪ ምልክት ተበጀለት። የማይክሮሶፍቱ ሙዚቃ ማጫወቻ ዙን በ2008፣ አይፖድ ናኖ ደግሞ በ2009 ከኤፍኤም ላይ ዘፈን ታግ ማድረግ ጀመሩ። በአውሮፓ የተስፋፋው ዳብ የተባለው ዲጂታል ራዲዮ ሰፋ ያለ ቦታ አለው፤ 128 ፊደልና ምስል ይልካል።

ቴክኒኩ ይሠራ ነበር ማለት ነው። ችግሩ የተንጠለጠለበት ሰንሰለት ነው። ጣቢያው ዲጂታል ማሰራጫ መግዛት አለበት፤ መለያውን ከእያንዳንዱ ዘፈን ጋር በትክክል ማያያዝ አለበት፤ አድማጩ ያ ቁልፍ ያለውን ራዲዮ መግዛት አለበት፤ አይፖድ ሊኖረው ይገባል፤ ዘፈኑ በዚያ ሱቅ ውስጥ መኖር አለበት፤ ሰውየው ደግሞ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ኮምፒውተሩ ፊት ሲቀመጥ ያ ስሜት ሳይበርድ መቆየት አለበት። አንዱ ቀለበት ከተበጠሰ ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም። ከዚያ ቀደም ሶኒ በ2000 ኢማርከር የተባለ ቁልፍ ማንጠልጠያ የሚያህል መሣሪያ አውጥቶ ነበር። ሥራው ቁልፉ የተጫነበትን ሰዓት መያዝ ብቻ ነው፤ አድማጩ በኋላ ድረ ገጽ ላይ ገብቶ በዚያ ሰዓት ጣቢያው ምን ሲያሰማ እንደነበር ያጣራል። በሐሳብ ደረጃ ቀላልነቱ እስካሁን ይማርከኛል፤ ከጣቢያውም ሆነ ከራዲዮው አንዳች አዲስ ነገር አይጠይቅም። በተከታዩ ዓመት ግን አገልግሎቱ ቆመ።

ሰንሰለቱን ጥሎ የሄደው ሻዛም የተባለው፣ የሚሰማን ዘፈን የሚለይ አገልግሎት ነው። በ2002 ብሪታንያ ውስጥ ሲጀመር መተግበሪያ አልነበረም፤ የስልክ ቁጥር ነበር። ሰው 2580 ይደውላል፣ ስልኩን ወደ ሙዚቃው ያዞራል፣ መስመሩ በራሱ ይዘጋል፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የዘፈኑ ስም በጽሑፍ መልእክት ይደርሰዋል። አገልግሎቱ ይከፈልበታል፤ ሰው ግን ከፈለ፤ የከፈለው ለዘፈኑ ሳይሆን ለስሙ ነው። ይህ ነጥብ ብዙ የራዲዮ ሰዎች ያለፉት ይመስለኛል። አይፎን ላይ መተግበሪያ ሆኖ ሲመጣ፣ በ2008፣ ነገሩ ወደ አንድ ንክኪ ወረደ።

የሻዛም ብልሃት ከአሰሚው ወገን ምንም አለመጠየቁ ላይ ነው። የተቀዳውን ድምፅ በጊዜና በድምፅ ቅጥነትና ውፍረት ይዘረዝርና ጎልተው የወጡትን ነጥቦች ብቻ ያስቀራል፤ ነጥቦቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ፣ በመካከላቸው ካለው የጊዜ ርቀት ጋር ወደ አጭር ቁጥር ይለውጣቸዋል፤ እነዚያን ቁጥሮች ከትልቅ ማከማቻ ጋር ያመሳክራል። ሰው እያወራም፣ ዕቃ እየተንኳኳም ጎልተው የወጡት ነጥቦች አብዛኞቹ ስለማይጠፉ ጥቂት ሰከንድ ይበቃዋል። ጣቢያው ዲጂታል ይሁን አናሎግ፣ ርዕሱን ይላክ አይላክ ግድ የለውም። በ2017 ጉግል በፒክስል 2 ስልኩ አንድ እርምጃ ሄደበት፦ ስልኩ ውስጥ በተቀመጠ ማከማቻ፣ ያለ ኢንተርኔት፣ በአካባቢው የሚሰማውን ዘፈን ሳይጠየቅ ለይቶ ስሙን ስክሪኑ ላይ ያሳያል፤ ያለፉትን በሰዓታቸው መዝግቦ ማቆየትም በኋላ ተጨመረበት።

እዚህ ላይ የሚያስቆጨኝን ነገር ልናገር። ራዲዮ የሚያሰማውን ዘፈን ስም ለማወቅ አድማጩ ሌላ ኩባንያ፣ ሌላ መሣሪያ፣ ሌላ ሰርቨር እንዲጠይቅ መገደዱ ከባድ ነገር ነው፤ ምክንያቱም በዚያች ደቂቃ ውስጥ ስሙን የማያውቀው እሱ ብቻ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ያለው ማጫወቻ ኮምፒውተር ያውቀዋል፤ ዘፈኑን ከፋይሉ ላይ ያነሳው እሱ ነው። ጣቢያዎች ለባለመብቶች ክፍያ ሲሉ ያሰሙትን ይመዘግባሉ። አብዛኛው በንግድ የወጣ ቅጂ 12 ፊደልና ቁጥር ያለው ዓለም አቀፍ መለያ ኮድ አለው፤ አሠራሩ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ያለ ነው። በአሜሪካ ደግሞ ከ1991 ጀምሮ የሙዚቃ መጽሔቱ ቢልቦርድ ዋናውን የዘፈኖች ደረጃ ሲያወጣ የሚጠቀመው የራዲዮ መረጃ ኮምፒውተሮች ስርጭቱን እያዳመጡ የሚለዩትና የሚቆጥሩት ነው። የሙዚቃ ንግዱ የትኛው ዘፈን በየትኛው ጣቢያ በስንት ሰዓት እንደተሰማ በማሽን ማወቅ የጀመረው ሻዛም ከመምጣቱ አሥር ዓመት ቀድሞ ነው።

ከዚህ የሚብስም አለ። በ2007 የአሜሪካ የአድማጭ ቆጣሪ ድርጅት አርቢትሮን ፒፒኤም የተባለ መለኪያ በፊላዴልፊያና በሂውስተን ሥራ ላይ አዋለ። ጣቢያዎቹ ከድምፃቸው ጋር ለጆሮ የማይሰማ ኮድ ይቀላቅላሉ፤ ለናሙና የተመረጡ ሰዎች የያዟት ትንሽ መሣሪያ ኮዱን እየለየች የትኛውን ጣቢያ እንደሰሙ ትመዘግባለች። ልብ በሉ፣ ይህ የሆነው የታግ ቁልፉ በተዋወቀበት በዚያው ዓመት ነው። ጣቢያዎች በስርጭታቸው ውስጥ መረጃ ሰውረው በትክክል ለመላክ ችሎታውም ፍላጎቱም ነበራቸው፤ መረጃው የተላከው ግን አድማጩን ለሚቆጥረው ነው። ለአድማጩ የተሰጠው ስም ከመግዣ ቁልፍ ጋር ተጣብቆ፣ በልዩ ራዲዮና በልዩ ማጫወቻ በኩል ዞሮ የሚመጣ ነው። የታግ ቁልፍ የከሸፈበት ዋናው ምክንያት በእኔ አመለካከት ይኸው ነው፦ ሻጩ ለጠየቀው ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ ነበር። ሻጩ የጠየቀው አድማጩን ወደ ሱቅ እንዴት እንደሚያመጣው ነው። አድማጩ የጠየቀው ይህ ዘፈን ምንድን ነው፣ እንዳይጠፋብኝስ ምን ላድርግ የሚል ነው።

በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መካከል ያለው ርቀት ብዙ ነገር ያስረዳል። ጊዜን እንውሰድ። ሰው አንድ ዘፈን እንደሚፈልገው የሚገባው ብዙውን ጊዜ ዘግይቶ ነው፤ ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል፣ ካለቀም በኋላ፣ አንዳንዴ ማታ ዜማው አልወጣ ሲለው። ታግ ማድረግ ግን ነቅቶ መጠበቅን ይጠይቃል፦ ዘፈኑ እየተሰማ፣ እጅ ነፃ ሆኖ፣ በዚያች ደቂቃ። መሪ የያዘ ሰው፣ ሕፃን የታቀፈ፣ ዕቃ የሚያጥብ ሰው ያመልጠዋል፤ ራዲዮ በብዛት የሚሰማው ደግሞ እጅ ሥራ ላይ ሲሆን ነው። ሻዛምም ቢሆን ከዚህ አይድንም፣ ዘፈኑ ካለፈ የሚያደምጠው የለውም። ለዚህ ሰው የሚሻለው ወደ ኋላ የሚመለከት መዝገብ ነው፦ ዛሬ ጠዋት ከሁለት ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ምን ተሰማ? ያ መዝገብ ካለ ታግ ማድረግ ራሱ ግዴታ አይሆንም። ሰውየው ራዲዮውን ይሰማል፣ ሲመቸው ይፈልጋል።

ይህን ቀድመው የተረዱ ጣቢያዎች አሉ። የፈረንሳዩ ፊፕ ከ1971 ጀምሮ ከጃዝ እስከ ክላሲካል፣ ከሮክ እስከ ሩቅ አገር ባህላዊ ሙዚቃ እያፈራረቀ የሚያሰማ ጣቢያ ነው። አድማጩ ሰምቶት የማያውቀውን ነገር ስለሚያሰማ የስም ጥያቄው ከማንም ይበልጥበታል፤ የተላለፉትን ዘፈኖች በሰዓት እያስቀመጠ ማውጣቱም ለዚህ ነው። የሲያትሉ ኬኢኤክስፒ የዘፈኖቹን ዝርዝር በቀጥታ ያወጣል፤ አቅራቢዎቹ ከርዕሱ ሥር ስለ ዘፈኑ የጻፉትን አስተያየት ጭምር። ቢቢሲ በ2013 ፕሌይሊስተር የተባለ አገልግሎት ጀምሮ አድማጮች በራዲዮና በቴሌቪዥን የሰሙትን ዘፈን ይዘው ወደ ስፖቲፋይ፣ ወደ ዩቲዩብ ወይም ወደ ዲዘር እንዲወስዱት አድርጎ ነበር። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ገንዘብ መቀበያው ወደ ኋላ ሸሽቷል፤ የቀደመው ስሙ ነው።

መግዛትን በተመለከተ ዘመኑ ራሱ ፈርዷል። በአሜሪካ ከኢንተርኔት እየተወረዱ የሚሸጡ ዘፈኖች ገቢ ከ2012 በኋላ መውረድ ጀመረ፤ በ2016 ስትሪሚንግ ከተቀዳ ሙዚቃ ገቢ ከግማሽ በላይ ያዘ። ወርሃዊ ክፍያ የሚከፍል ሰው ዘፈኑን ሊገዛው አይፈልግም፤ በአንድ መልኩ ቀድሞውኑ አለው። የጎደለው የት እንዳለ ማወቅና በራሱ ዝርዝር ውስጥ ማስቀመጥ ነው። የታግ ቁልፍ ዛሬ ቢሠራ መጨረሻው ማስቀመጥ ይሆናል፤ በገዢ ብዛት መለካቱም ያኔ ትርጉም ያጣል። ስሙን አውቆ፣ ምንም ሳያስቀምጥ፣ ረክቶ የሚሄድ አድማጭ ብዙ እንደሆነ መቀበል ያስፈልጋል። ጣቢያው ለዚህ ሰው ያደረገለት ነገር በሽያጭ መዝገብ ላይ አይታይም፤ ነገ ጠዋት ወደዚያው ሞገድ የሚመልሰው ግን እሱ ነው።

አሁን ወደ ድምፁ እንምጣ፣ ወደ አቅራቢው። የዘፈን ስም ለማሳወቅ ከሁሉ የቀደመው ዘዴ መናገር ነው። ከዘፈኑ በፊት ወይም በኋላ፣ እገሌ ነው የዘፈነው፣ እንዲህ ይባላል ማለት። ይህ ልማድ በአሜሪካ የንግድ ጣቢያዎች ላይ እየሳሳ የሄደው ኮምፒውተር ከመግባቱም በፊት ነው። ንግግር አድማጭ ያሸሻል የሚል እምነት ነበር፤ ዘፈን በዘፈን ላይ ማከታተል ይመረጣል። በ1980ዎቹ የአሜሪካ ሸክላ አሳታሚዎች ማኅበር ያሰማችሁትን ዘፈን ስሙን ተናገሩ የሚል ዘመቻ እስከማካሄድ ደርሷል፤ ስሙ ያልታወቀ ዘፈን ሱቅ ገብቶ ለመጠየቅ አይመችማ። ፒፒኤም ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ባሰ። በፊት ሰዎች በወረቀት ላይ የሚሞሉት ማስታወሻ ነበር፤ አሁን መሣሪያው አድማጩ የትኛዋ ደቂቃ ላይ እንደሄደ ያሳያል። ብዙ ጣቢያዎች መረጃውን አይተው አቅራቢዎቻቸውን ባጭሩ ተናገሩ አሏቸው። ከተቆረጠው ንግግር ጋር የዘፈኖቹ ስምም አብሮ ተቆረጠ።

ስሙ ተቆርጦ የቀረው ክፍተት ነው እንግዲህ ቁልፍ የተሠራለት። እኔ አቅራቢዎች ብዙ ይናገሩ አልልም። ስም መናገር አሥር ሰከንድ አይፈጅም። ደግሞም አቅራቢው የሚናገረው ነገር የትኛውም ስክሪን የማይሰጠው ነው፦ ይህን ዘፈን ለምን አሁን እንዳስከተለው፣ ከቀደመው ጋር ምን እንደሚያገናኘው፣ ባሱን የሚጫወተው ሰው ሌላ የት እንደሚታወቅ። ሰው በጆሮው ላይ በሚሊዮን የሚቆጠር ዘፈን ተከፍቶለት እያለ አሁንም ራዲዮ የሚከፍተው አንድ ሰው መርጦ እንዲያሰማው ስለሚፈልግ ነው። መራጩ ምርጫውን ስም ሲነሳው ግማሹን ሥራ ተወው ማለት ነው።

ሕጉም እዚህ ላይ ሊታይ ይገባዋል። በ1998 የወጣው የአሜሪካ ዲጂታል የቅጂ መብት ሕግ ሙዚቃ በኢንተርኔት የሚያሰሙ ጣቢያዎች በሕጉ በተቀመጠው ፈቃድ ለመጠቀም ከፈለጉ፣ ዘፈኑ እየተሰማ ርዕሱን፣ የአልበሙን ስምና የዋናውን ዘፋኝ ስም በጽሑፍ እንዲያሳዩ ይጠይቃል። ይኸው ሕግ የሚሰሙትን ዘፈኖች ዝርዝር አስቀድሞ ማውጣትን ይከለክላል፤ ሰው ሰዓቱን ጠብቆ እንዳይቀዳ። በአየር ላይ ለሚተላለፍ ኤፍኤም ግን እንዲህ ያለ ስም የማሳየት ግዴታ የለም። ስለዚህ አንድ ጣቢያ ያንኑ ዘፈን በኢንተርኔት ሲያሰማ ስሙን ማሳየት ሲኖርበት፣ ከማማው ላይ ሲያሰራጨው ዝም ማለት ይችላል። ልዩነቱ የመጣው ከባለመብቶች ክፍያ ታሪክ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ የአየር ራዲዮ ለዘፈን ደራሲዎች እንጂ ለዘፋኞችና ለቅጂው ባለቤቶች አይከፍልም፤ በኢንተርኔት ሲሆን ግን ይከፈላል። አድማጩ በዚህ ክርክር ውስጥ አልነበረበትም። ስሙን የማወቅ ዕድሉ ግን በዚያ ተወሰነ።

መረጃው ሲላክም ብዙ ጊዜ የተበላሸ ነው፤ ከሁሉ የበለጠ ሥራ የሚጠይቀው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በርዕሱ ቦታ የጣቢያው መፈክር ይገባል። ማስታወቂያ እየተላለፈ ያለፈው ዘፈን ስም ስክሪኑ ላይ ይቆያል። የዘፋኙና የርዕሱ ቦታ ይገላበጣል፤ ሁሉም በትልልቅ ፊደል ይጻፋል፤ ከ64ኛው ፊደል በኋላ ይቆረጣል። ከላቲን ውጭ በሆነ ፊደል የሚጻፍ ስም ከሆነ ደግሞ የጥንቱ አርዲኤስ በአብዛኛው አይሸከመውም፤ ወደ ላቲን ተለውጦ፣ አንዳንዴ ባለቤቱ በማይለየው አጻጻፍ፣ ይመጣል።

ክላሲካል ሙዚቃ የዚህ ሁሉ ፈተና ነው። አንድ ሲምፎኒ ሲሰማ አቀናባሪው አለ፣ ሥራው አለ፣ የትኛው ክፍል እንደሆነ አለ፣ መሪው፣ ኦርኬስትራው፣ ብቸኛ ተጫዋቹ፣ የተቀዳበት ዓመት አለ። ቦታው ግን ርዕስና ዘፋኝ የሚሉ ሁለት ሳጥኖች ናቸው። ዘፋኝ በሚለው ውስጥ ማን ይግባ? አንዱ ጣቢያ ቤትሆቨንን ያስገባል፣ ሌላው መሪውን፣ ሦስተኛው ኦርኬስትራውን። ርዕስ በሚለው ውስጥ አሌግሮ (‘ፈጠን ብሎ’) የሚል ቃል ብቻውን ይመጣና አድማጩ ሊፈልገው ሲሞክር በሺህ የሚቆጠሩ ሥራዎች ይደረደሩበታል። የዚህ ሙዚቃ አድማጭ የሚጠይቀው ብዙውን ጊዜ የሥራውን ስም ሳይሆን ይህን ቅጂ ነው፤ ሥራውን ያውቀዋል፣ እንዲህ ሲጫወቱት ግን ሰምቶ አያውቅም። ለፖፕ ዘፈን የተበጀ ታግ ይህን ጥያቄ ሊመልስ አይችልም፤ ጃዝም ውስጥ ያው ነው፣ አንድን ዜማ ሃምሳ ሰው በሃምሳ መንገድ ተጫውቶታል። ዳብ ላይ ያለው የተሻሻለ የጽሑፍ አሠራር አቀናባሪና መሪ እየለየ የሚያስቀምጥበት ቦታ አበጅቷል፤ ይህ በጣም ጥሩ ነው። ቦታው ቢኖርም ግን የሚሞላው ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሥራ ደግሞ በአብዛኞቹ ጣቢያዎች የማንም ሥራ አይደለም።

አንድ ነገር ሳላነሳ ማለፍ አልፈልግም፣ ታግ ያደረግነው ነገር የማን እንደሚሆን። ሰው የወደደው ዘፈን ከወደደበት ሰዓትና ቦታ ጋር ብዙ ገንዘብ የሚያወጣ መረጃ ነው። አፕል በ2018 ሻዛምን ሲገዛ የአውሮፓ ኮሚሽን ለወራት ጉዳዩን የመረመረው በዚህ ምክንያት ነው፤ አፕል የተፎካካሪዎቹን ደንበኞች በሻዛም በኩል አውቆ ሊያባብላቸው ይችላል የሚል ስጋት ነበር። መጨረሻ ላይ ፈቀደ። ራዲዮ እስከ ዛሬ ድረስ ካሉት ውብ ባሕርያት አንዱ የሚያደምጠውን ሰው ሳያውቅ የሚያገለግል መሆኑ ነው። አድማጩ ስም አይሰጥም፣ አካውንት አይከፍትም። ታግ ለማድረግ ግን መግባት፣ መፍቀድ፣ መስማማት ይጠየቃል። የተላለፉ ዘፈኖች መዝገብ በግልጽ ሲወጣ ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ጣቢያው የራሱን ይናገራል፣ ስለ አድማጩ አይጠይቅም። ከመኪና ስክሪን ጋር የሚሠሩ ሰዎች ሁለቱን መንገዶች እንዲያነጻጽሩ እመኛለሁ፤ መዝገቡ ርካሽም ነው።

መዝገቡ ግልጽ በሆነበት ቦታም የሚቀር ነገር አለ። በስቱዲዮ ውስጥ በቀጥታ የተጫወተ ሙዚቃ፣ ገና ያልታተመ ቅጂ፣ ሁለት ዘፈን ላይ በላይ የተቀላቀለበት ሰዓት፣ ከአድማጭ የመጣ አሮጌ ካሴት። እነዚህ መለያ ኮድ የላቸውም፤ ሻዛምም ማከማቻ ውስጥ የሌለውን አይለይም። ጣቢያዎች በጣም የሚኮሩባቸው ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ እንዲህ ባለው ሙዚቃ የተሞሉ ናቸው፤ አድማጩም አጥብቆ የሚፈልገው ሌላ ቦታ ስለማያገኘው ነው። ለዚህ አቅራቢው ማይክሮፎኑ ላይ ስሙን ይናገር፤ ከፕሮግራሙም በኋላ አምስት ደቂቃ ወስዶ ማን እንደተጫወተ፣ ምን እንደሚባል፣ የት እንደተቀዳ በመዝገቡ ላይ በእጁ ይጻፍ። ለአምስቱ ደቂቃ የሚከፍለው ደግሞ ጣቢያው ይሁን፣ እንደ ማንኛውም ሥራ።